አስቂኝ ፊልምና ማጀቢያ ዘፈኑ፤ ስለ አንድ ቅጣትም

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ለዘንድሮው ጉባኤ የሒሳቡ ሪፖርት ካለቀ በኋላ አንድ ሰው «ለመዝናኛም ለትምህርትም የሚሆን» ንግግር ያድርግ ብሎ በወሰነው መሠረት ዕጣው ለኔ ደረሰኝ። ስለ ምን ልናገር ብል የፈለግኸውን አሉኝ። እኔም ስለ አስቂኝ ፊልምና በፊልሙ ውስጥ ስለሚሰማው ዘፈን ብዬ አስመዘገብሁ። አንዳንዶቻችሁ ይኸን ስትሰሙ ሳቃችሁ። ዕድሜውን ከመዝገብ ቤት ያልወጣ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሽማግሌ ከፊልም ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ርዕሱ ግን ሽፋን ነው። ውስጡ ያለው ባለፈው ዓመት በቃለ ጉባኤአችን ላይ በኔው እጅ የተጻፈ የሃምሳ ብር ቅጣት ነው። ወደ ቅጣቱ ለመድረስ በፊልሙ በኩል ማለፍ ግድ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ነገሩን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አምና ክረምቱ ሲገባ አንድ ነባር አባላችን አረፈ። ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወዳጄ ስለነበረ «እሱ» እያልሁ ብናገር አትፍረዱብኝ። ይህ ዛሬ የተቀመጥንበት ድንኳን ሦስት ጊዜ ሲቀደድ ሦስት ጊዜ የጠቀመው እሱ ነው። ዋጋ ጠይቆ አያውቅም፤ «ክሩን ብቻ ግዙልኝ» ነበር የሚለው። በዚያው በጠቀመው ድንኳን ተለቀሰለት።

በሁለተኛው ሌሊት ዝናቡ ይወርዳል። ንፍሮው ዞሯል፣ ሰው ፀጥ ብሏል። ከአዲስ አበባ ለቀብር የመጣው ልጁ ከድንኳኑ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ቆየና ድንገት ሙዚቃ ተሰማ። ሳክስፎን ነው፣ ከበሮም አለበት። ሰው ሁሉ ዞር አለ። መጀመሪያ የጮኸ ማነው? እኔ ነኝ። «አንተ ልጅ! አባትህ ገና ሰልስቱ ሳይወጣ ዘፈን ትከፍታለህ?» አልሁት። ዘጋው። አንዲት ቃል አልመለሰም። ቄሱም ሼኹም እንደ ልማዳቸው በአንድ ቃል ነውር ነው አሉ። ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። መተዳደሪያ ደንባችን «በለቅሶ ቤት ዘፈን የከፈተ ወይም ያስከፈተ የአባል ቤተሰብ 50 ብር ይቀጣል» ስለሚል ቅጣቱ ጸና፤ እኔም ጻፍሁት። ልጁ ከፈለ፤ ደረሰኝ ቆረጥሁለት። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ ልግባ።

በፊልም ውስጥ ከሰዎቹ ንግግር ጋር አብሮ የሚሰማውን ሙዚቃ ባለሙያዎቹ ማጀቢያ ይሉታል። ጥሩ ቃል አግኝተዋል። እኛ ቀባሪዎች ማጀብ ምን እንደሆነ አናጣውም። አጃቢ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ከሮጠ ወግ ይበላሻል፤ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ሰውየው ብቻውን ሄደ ይባላል። የፊልም ማጀቢያም እንዲሁ ነው። በተለይ በአስቂኝ ፊልም ላይ አያያዙ ይከብዳል፤ ዘፈኑ ራሱ አስቂኝ ልሁን ካለ ሳቁን ይሻማዋል።

እኔ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ደሴ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ተላላኪ ሆኜ በተቀጠርሁ ሰሞን፣ ደብዳቤ ይዤ ወርጄ ነበር። ያን ጊዜ ከአጅባር ደሴ መድረስ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ከአበሌ ቀንሼ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ፊልሙ የህንድ ነው፤ «ሽሪ 420» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ ስለሆነ ያኔም አሮጌ ነበር፤ እየተቆረጠ መብራት ይበራል፣ ሰው ያፏጫል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሽሪ ማለት አቶ እንደ ማለት ሲሆን 420 ደግሞ በያኔው የህንድ የወንጀል ሕግ የአታላይ መቅጫ አንቀጽ ቁጥር ነበረ። ስለዚህ የፊልሙ ስም «አቶ አታላይ» ቢባል ያስኬዳል። ይኸን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሰው በመሆኔ አንቀጽ የፊልም ስም መሆኑ በጣም አስቆኝ ነበር።

ዋናው ተዋናይ ራጅ ካፑር ይባላል። ሱሪው አጭር፣ ጫማው የተቀደደ፣ ጓዙን በዱላ ጫፍ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ እየዘፈነ ይሄዳል። እኛ እሱ ራሱ የሚዘፍን መስሎን ነበር። ለካስ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅስ፤ ድምፁ ሙኬሽ የሚባል ሌላ ዘፋኝ ነው። ዜማውን የሠሩት ደግሞ ሻንካርና ጃይኪሻን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ለአንድ ዘፈን አንዱ ዜማ ያወጣል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ አፉን ይከፍታል። ሆኖም የደሴ ሰው ህንድኛውን ሳያውቅ አብሮ ያንጎራጉር ነበር። እኔም ዜማውን ይዤው ወጣሁ፤ ዳገቱን ስወጣ ሳፏጨው ነበር።

ራጅ ካፑር ያን አረማመድ የወሰደው ከቻርሊ ቻፕሊን ነው። ቻፕሊንን በቴሌቪዥን ያላየ የለም፤ ጥቁር ኮፍያና ከዘራ ያለው፣ እግሩን ወደ ውጭ ከፍቶ የሚራመደው። የሱ ፊልም ንግግር አልነበረውም፤ የማጀቢያውን ዜማ ግን ራሱ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው «ሞደርን ታይምስ» በተባለው ፊልሙ በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ይቀጠርና ለእንግዶቹ እንዲዘፍን ይታዘዛል። ግጥሙ አልያዝ ስላለው በእጅጌው ጫፍ ላይ ይጽፉለታል። ገና ሲጀምር እጁን ሲወረውር እጅጌው ተፈናጥሮ ይሄዳል! ግጥሙ ጠፋ። ምን ያድርግ? የየትኛውም አገር ቋንቋ ያልሆነ የተደበላለቀ ነገር እየፈጠረ ዘፈነላቸው፤ ሰዉም በደስታ አጨበጨበ። የቻፕሊን ድምፅ በፊልም ላይ መጀመሪያ የተሰማው በዚያች ትርጉም በሌላት ዘፈን ነው። ይኸን ልብ በሉልኝ፤ ቃል የሌለው ዘፈን ጉዳይ ኋላ ይመጣል።

በኛም አገር ሳቅ አልጠፋም። የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን፣ የተስፋዬ ካሳን፣ የአለባቸው ተካን ቀልድ በካሴትና በቴሌቪዥን እየሰማን ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት ዘመን ነበር። ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ፤ ከዚያ እንደ «የወንዶች ጉዳይ» ያሉት የአማርኛ አስቂኝ ፊልሞች መጡ። ልጆቼ ሲያዩ አብሬ አያለሁ። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር በብዙዎቹ ዘፈኑ ይረዝማል። ወንድና ሴት ሲጣሉ ዘፈን፣ ሲታረቁ ዘፈን፣ ልጅቷ በመስኮት ስታይ ዘፈን። ሳቁን ሳንጨርስ ልቅሶ ይመጣል። አጃቢው ፊት ፊት ሮጠ የምለው ይኸን ነው። ወጣቶቹ አይስማሙኝም፤ ይሁን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አርባው ከወጣ በኋላ ያ ልጅ ቤቴ መጣ። የአባቱን የቅሬ ደብተር ወደ እናቱ ስም ለማዛወር ነው። ቡና ተፈላ። ሥራውን ከጨረስን በኋላ ዝም ማለት አቃተኝና «እንዲያው ያን ዕለት ምን ነካህ?» አልሁት። እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አባባ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ አራት ወር እኔ ዘንድ አልነበረ? ተኝቶ መዋል ሰለቸው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በኮምፒዩተር ፊልም አሳየው ነበር። እንግሊዝኛውን እተረጉምለታለሁ። ያን የከፈትሁትን ሙዚቃ የሰማው በአንድ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ነው። ሲሰማው ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ‹ይችን እኮ አውቃታለሁ› አለ። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ሲጠናበት ክፈትልኝ ይለኝ ነበር። ያን ሌሊት ሰው ይሰማዋል ብዬ አልነበረም፤ የጆሮው ገመድ ተነቅሎ ነው።»

ምን ልበል? ፊልሙን አሳየኝ አልሁት። እዚያው ስልኩ ላይ ከፈተልኝ፤ ሁለታችን ግንባር ለግንባር ተጋጥመን ማምሻውን ሙሉ አየነው፤ የአባቱን ቃል እያስታወሰ ይተረጉምልኝ ነበር።

ፊልሙ «ብሮክን ፍላወርስ» ይባላል፤ የተሰበሩ አበቦች ማለት ነው። የሠራው ጂም ጃርሙሽ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2005፣ በኛ በ1997 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ውድድር ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ተዋናይ ቢል መሪ ነው። በወጣትነቱ ከሴት ሴት ሲዞር ኖሮ ያረጀ፣ በኮምፒዩተር ሥራ ገንዘብ ያገኘ፣ አሁን ግን ሶፋ ላይ ተዘፍዝፎ የሚውል ሰው ነው። ፊቱ አይንቀሳቀስም። ሳቁ የሚመጣው እሱ ስለማይስቅ ነው። ስሙ ደግሞ ከአንድ የታወቀ ተዋናይ ስም ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለይ በሄደበት ሁሉ ያምታቱበታል፤ እሱም «ቲ አለበት» እያለ ሲያስረዳ ይኖራል። ይህ ቀልድ ለኔ በደንብ ገባኝ። በአንድ ፊደል የተነሳ ስንት ሰው ፋይሉ ጠፍቶበት ሲንከራተት ያየሁ ሰው ነኝ።

ለዚህ ሰው አንድ ቀን ስም የሌለበት ደብዳቤ ይመጣለታል። ወረቀቱ ሮዝ ቀለም ነው። «ከአንተ የወለድሁት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አለህ» ይላል። ሰውየው ደንታም አልሰጠው። ነገሩን የራሱ ያደረገው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ማነው? ኢትዮጵያዊ ነው! ዊንስተን ይባላል፤ የሚጫወተው ጄፍሪ ራይት የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ዊንስተን ሦስት ቦታ ይሠራል፣ አምስት ልጆች ያሳድጋል፣ ሆኖም የጎረቤቱ ነገር እንቅልፍ ነሳው። የድሮ ሴቶችህን ስም ዝርዝር ጻፍልኝ አለው። አድራሻቸውን ፈልጎ አገኘ። የአውሮፕላኑን፣ የሚከራየውን መኪና፣ ካርታውን ሁሉ አሰናድቶ፣ አበባ ይዘህ ሂድ ብሎ፣ በግድ ገፍትሮ ላከው። ልጁ እንደሚለው አባቱ እዚህ ላይ «ይሄ ሰውዬ የኛ ቅሬ ዳኛ መሆን ነበረበት» ብሎ ሳቀ። ክቡር ዳኛችን አይቀየሙም።

ዊንስተን ለመንገዱ ስንቅ ብሎ አንድ ሲዲ ቀድቶ ሰጠው። የአገሩ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ያ ደረቅ ፊት ያለው ፈረንጅ መኪናውን ባስነሳ ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ይነሳል። አሜሪካን አገር፣ ዛፍ ብቻ በሚታይበት መንገድ ላይ፣ አይስቅ አያለቅስ፣ እጁን መሪው ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ከኋላው የኛ ዜማ ያጅበዋል። ይህ ለምን እንደሚያስቅ ለማስረዳት ያስቸግራል። ሰውየውና ሙዚቃው አይተዋወቁም፤ ግን አንድ መኪና ውስጥ ናቸው።

አራቱን ሴቶች እየዞረ ያያቸዋል። አንደኛዋ ከእንስሳት ጋር አነጋግራለሁ እያለች የምትተዳደር ናት። ወዳጄ ይችን ሲያይ «በኛ አገር እረኛው ሁሉ በነፃ ያነጋግራል» አለ አሉ። በመጨረሻዋ ሴት ቤት ተመትቶ ፊቱ ቆሰለ። ከዚያ ወደ አምስተኛዋ ሄደ። አምስተኛዋ ሞታለች። የሄደው መቃብሯ ላይ ነው። ፊቱ በፋሻ እንደታሸገ አበባውን አስቀምጦ ብቻውን ተቀመጠ።

ልጁ እዚህ ላይ ስልኩን አቆመው። «አባባ እዚህ ጋ ምን እንዳለ ታውቃለህ ጋሼ?» አለኝ። «‹ብቻውን መጣ? ቅሬ የለውም እንዴ ይሄ ሰው?› አለ። ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። በነጋታው አጅባር መልሰኝ፣ ቅሬዬ ያለው እዚያ ነው አለኝ።»

እናንተ ወገኖቼ፣ ያን ሰው እኮ ያመጣነው የመሰለን እኛ ነን። መኪና ተከራይተን፣ ገንዘብ አዋጥተን አመጣነው እያልን ስናወራ ነበር። ወዳጄ አልጋው ላይ ሆኖ እኛን እያሰበ የቆረጠውን አናውቅም ነበር።

ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ደግሞ ይኸ ነው። ያን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ ሲደጋገም ስሰማው አወቅሁት። አርባ ዓመት ሙሉ በደጁ ሳልፍ የምሰማው ፉጨት ነው! የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ያፏጨው የነበረው፣ ከሬዲዮ የለቀመው፣ ቃል የሌለው ዜማ። ስሙን አላውቀውም ነበር፤ የሱ ፉጨት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ግን ተቆጥቼ ስለነበር ጆሮዬ አልለየውም። ወዳጄ በሞተ በሁለተኛው ቀን ፉጨቱን ሰምቼ ዝም በል ብያለሁ።

ስለ ዜማው ባለቤት ጥቂት ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ጠያይቄ የተረዳሁት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ወላጆቹ ምሕንድስና ይማር ብለው እንግሊዝ አገር ላኩት፤ እሱ ግን ወደ ሙዚቃው አደላ። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ ቦስተን ከተማ በርክሊ የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሸክላ አሳተመ። የኛን ቅኝት ከፈረንጁ መሣሪያና አደራረብ ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ አለው። እሱ የሚመታው ቫይብራፎን የሚባለውን ነው፤ የተደረደሩ ብረቶች ናቸው፣ በዱላ ሲመቱ እንደ ውኃ ጠብታ ይሰማሉ። በፊልሙ ውስጥ የገቡት የሱ ዜማዎች «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ» እና «ጉበልዬ» ናቸው። ሦስቱም በ1960ዎቹ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ሦስቱም ዘፋኝ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው በአራተኛው ቁጥር ስላወጣቸው ዓለም ሰማቸው። ሙላቱን የማያውቅ ስንቱ ፈረንጅ በዚያ አስቂኝ ፊልም አወቀው።

አንድ የወሎ ሰው እዚህ ላይ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባም። የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ባቲ የት ነው? አምባሰልስ የት ነው? ሁለቱም ወሎ ናቸው፤ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ተራራ። ቅኝት ሁሉ አምስት ድምፅ ብቻ ነው። በዚያች አምስት ድምፅ እናቶቻችን ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሙሽራ ይሸኛሉ፣ ልጅ ያስተኛሉ። ስለዚህ «ይኸ ዜማ የለቅሶ ነው ወይስ የዘፈን?» ብትሉኝ እኔ መለየት ያቅተኛል። አልቃሽ ስታወርደው ሙሾ ነው፤ አዝማሪ ሲይዘው ዘፈን ነው። ደግሞም በዚያው አስቂኝ ፊልም ውስጥ ፎሬ የሚባል ፈረንሳዊ ለሙታን ጸሎት የደረሰው ዜማም አለበት። ፈረንጆቹም ለሳቃቸው የለቅሶ ዜማ ቀላቅለዋል ማለት ነው።

ያን ሌሊት የተከፈተው «የከርሞ ሰው» የሚባለው ነው። በዚህ ስም የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትያትርም አለ። እኛ ግን ስሙን ከትያትርም ከሸክላም በፊት እናውቀዋለን። ዛሬ ስብሰባው ሲያልቅ ምን ብለን ነው የምንለያይ? የከርሞ ሰው ይበለን ብለን አይደለም? አምናስ? አምና የመረቀን ማን ነበር? ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ «የከርሞ ሰው ይበለን» ያለው ያ ልብስ ሰፊ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለሕክምና ሄደ።

እንግዲህ ወደ ደንቡ ልምጣ። ደንቡ «ዘፈን የከፈተ» ይላል። ልጁ የከፈተው ቃል የለውም፣ ዘፋኝ የለውም። ቃል ከሌለው ዘፈን ይባላል ወይ ብዬ ብዙ አሰብሁ። ቻፕሊን ትርጉም የሌለው ቃል ዘፍኖ ዘፈን ተብሎለታል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ብሟገት እረታለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ዘፈን ነው። አንቀጹም ለጊዜው ትክክል ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይኸን ከፈቀድን ነገ ድምፅ ማጉያ ተከራይተው ይመጣሉ» ትላላችሁ፤ እኔም እሰጋለሁ፤ እንዲፈቀድም አልጠይቅም። የሐዘን ቤት ፀጥታ ይገባዋል።

ነገር ግን እርስ በርሳችን አንደባበቅ። ሰልስቱ ማታ በዚህ ድንኳን ውስጥ የሚሳቀውን ሳቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሟቹን ቀልድ እያነሳን፣ እንዲህ ብሎ ነበር፣ እንዲያ አድርጎ ነበር እያልን፣ እንባችን ሳይደርቅ እንስቃለን። በዚያ የተቀጣ ሰው በመዝገቤ የለም። እኔ የወዳጄን ቀልድ በአፌ ስናገር ሐዘንተኛ ነኝ፤ ልጁ የአባቱን ዜማ በስልኩ ሲሰማ ጥፋተኛ ነው። ይኸ አልዋጥልህ አለኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአንቀጹ ላይ «ከመቅጣቱ አስቀድሞ ኮሚቴው የሐዘኑን ባለቤት ይጠይቅ» የሚል አንዲት መስመር ትጨመር። ያን ዕለት ሚስቱን ጠይቀናት ቢሆን ፉጨቱን እሷ ትነግረን ነበር፤ ከኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ሁለተኛ፣ ያ ቅጣት ይሰረዝና ሃምሳ ብሩ ከቅሬው ሣጥን ወጪ ሆኖ ለቤተሰቡ ይመለስ።

አንዳንድ ሰው «ሃምሳ ብር ምን አላት፣ አንተው ከኪስህ ክፈል» ብሎኛል። ሞክሬአለሁ። ልጁ አልቀበልም አለ። «የወሰደው ቅሬው ነው ጋሼ፤ ቅሬው ከመለሰ ይመልስ» አለኝ። ልክ ነው። እኔ ከኪሴ ብሰጥ መዝገቡ እንዳለ ይቀራል፤ የልጅ ልጅ ገልጦ ሲያይ አያቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን አባቱ ጨፍሮ የተቀጣ ይመስለዋል።

መዝገብ ደግሞ አይፋቅም። ይኸን በሥራዬ ተምሬዋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከጎኑ ምክንያቱና ቀኑ ይጻፋል፣ ሦስት ሰው ይፈርምበታል። የድሮው ጽሑፍ ከሥር መነበብ አለበት። እኔ አስቀድሜ ልፈርም ተዘጋጅቻለሁ። ቃለ ጉባኤውም የደረሰኙም ቅጅ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ቀርቦ ይመልከት።

ሐሳቤን ጨርሻለሁ። ድምፅ ለማሰጠት ስብሰባውን ለዳኛችን እመልሳለሁ።